ድግሱ ይቀነስ፣ ማኅበሩ ይቆይ

እናቴ የማርያም ጽዋ ማኅበርተኛ ናት። ወር በገባ በ21 ይሰበሰባሉ። 12 ስለሆኑ ተራው ለእያንዳንዳቸው በዓመት አንዴ ይደርሳል። ጸሎት ይደረሳል፣ ዳቦ ይቆረሳል፣ ጠላ ይቀዳል፤ በመጨረሻም ጽዋው ለቀጣዩ ተረኛ ይሰጣል።

ልጅ ሳለሁ ማኅበር ማለት ድግስ ይመስለኝ ነበር። አባቴ ሲያርፍ ግን የዕድሩ ድንኳን ሳይተከል የደረሱት ማኅበርተኞቹ ነበሩ። ከሠልስት በኋላ ለቀስተኛው ሲበተንም ከእናቴ ጋር እየተፈራረቁ አደሩ። ጾምና ጸሎት ለብቻም ይቻላል፤ ሰው ሲቀር “ምን ሆና ነው?” ብሎ ቤት ድረስ የሚሄድ ግን ወዳጅ ነው።

አሁን የሚያሳስበኝ የኑሮ ውድነቱ ነው። “ምን አቀርባለሁ?” እያሉ ከማኅበር የሚወጡ አሉ። የሚያሳዝነው፣ ማኅበር ይበልጥ የሚያስፈልገው እጅ ላጠረው ሰው መሆኑ ነው። የእናቴ ማኅበርተኞች ባለፈው ዓመት ተመካክረው ዶሮ ወጡን አስቀሩና “ዳቦና ቆሎ ይበቃል” አሉ። ተራዋ ሲቃረብ በሰበብ ትቀር የነበረች አንዲት እናት በቀጣዩ ወር መጣች፤ ጽዋውንም ደስ ብሏት ተቀበለች።

እናንተም ወላጆችና አያቶች፣ ድግሱን ቀንሱ እንጂ ማኅበሩን አትተዉ። ማኅበሩ ቤታችሁ ሲመጣ ልጆቹን ጓዳ አታስቀምጧቸው። እጅ ያስታጥቡ፣ ዳቦ ያድሉ፣ ወዳጆቻችሁን በስም ይወቁ። እናንተ ስትደክሙ ተራውን የሚቀበሉት እነሱ ናቸው።