ወይኑ ይቈየናል

ሁለትና ሦስት ቀን የሚያህል የበዓል ዕረፍት በተቃረበ ቍጥር፣ በሀይሌ ጋርመንት አካባቢ በምንኖር ሰዎች መካከል አንድ ክርክር ሳይነሣ አያልፍም፤ ይኸውም ወደ ደቡብ ወርዶ በዝዋይ ሐይቅ አቅራቢያ የተተከለውን ዐፀደ ወይን አይቶ፣ ዓሣ በልቶ፣ አንድ ሌሊት አድሮ መመለስ ይሻላል ወይስ ወደ ሰሜን ወጥቶ የገዛ ከተማን እንደ እንግዳ ሰው መጐብኘት የሚል ነው። ሠፈራችንም ለዚህ ክርክር የተመቸ ነው፤ ከአደባባዩ ቆሞ ፊቱን ወደ ሳሪስ አቦና ወደ ቃሊቲ ያዞረ ሰው የስምጥ ሸለቆን ጐዳና እንደ ጀመረ ይቈጠራል፣ በመካኒሳ በኩል ያቀና ደግሞ ወደ መሀል ከተማ ይገባል። እኔ ከሁለቱ ከተማውን እመርጣለሁ፤ ዳሩ ግን ምርጫዬ ዝዋይን ከመናቅ የመጣ እንዳይመስል፣ አስቀድሜ የዝዋይ ጠበቃ ሆኜ ልናገር።

ዛሬ በመንግሥት መዝገብ ባቱ የምትባለው ዝዋይ ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። የቢራ ጠማቂው የቢጂአይ እናት ኩባንያ የሆነው የፈረንሳዩ ካስቴል ከቦርዶ አገር ያስመጣውን የወይን ችግኝ በዚያ አሸዋማ ምድር ተክሎ፣ በ2006 ዓ.ም. ሪፍት ቫሊና አካሺያ የተባሉትን የመጀመሪያ ጠርሙሶቹን ለገበያ ባቀረበ ጊዜ ነገሩ ለብዙዎቻችን እንግዳ ነበር። ሜርሎና ሲራ፣ ካበርኔ ሶቪኞንና ሻርዶኔ የሚባሉት ዘሮች የበቀሉበትን ማሳ ጅብና ጉማሬ እንዳይደፍሩት ዙሪያውን ቦይ ተቈፍሮለታል፤ በቦርዶ ያለ ወይን ጠማቂ ይህን ቢሰማ ሳይስቅ የሚቀር አይመስለኝም። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን የሐረጉ ጠባይ ነው፤ በአውሮፓ በረዶ በወረደ ጊዜ ሐረገ ወይን ቅጠሉን አራግፎ ያንቀላፋል፣ በእኛ አገር ግን እንደዚያ ያለ ብርድ ስለሌለ፣ የሚያፈራበትን ወራት የሚወስንለት የአትክልተኛው መቀስ ነው።

እኛ ኢትዮጵያውያን ደግሞ ይህን ለማየት ሌላ ምክንያት አለን። የናቡቴን የወይን ቦታ ታሪክ፣ ጌታችን ስለ ወይኑ ቦታ ሠራተኞች የመሰለውን ምሳሌ፣ ጥር 12 ቀን የምናከብረውንም የቃና ዘገሊላን ተአምር ከልጅነታችን ጀምሮ ከመምህራን አፍ ስንሰማ ኖረናል፤ ነገር ግን ለቍርባን የሚቀርበው ወይን እንኳ ከደረቅ ዘቢብ የሚዘጋጅ በመሆኑ፣ ዘለላውን በሐረጉ ላይ ተንጠልጥሎ ያየ ምእመን ጥቂት ነው። ስለ ወይን ከሰማነው ያየነው ያንሳል፤ ስለዚህ ዐፀደ ወይን ለማየት የሚጓዝን ሰው ፈረንጅ መምሰል አማረው ብሎ ማማት ተገቢ አይደለም። የወይን ጠጁ ፋብሪካ ግን ሥራ የሚሠራበት ቤት እንጂ የእንግዳ ማረፊያ አይደለምና፣ አስቀድሞ ሳይጠይቅ የሚሄድ ሰው ከበር የመመለሱን ነገር ማሰብ ይኖርበታል።

እኔን እንደ እውነቱ ከወይኑ ይልቅ የሚስበኝ ሐይቁ ነው። ከደሴቶቹ አንዱ የሆነው ቱሉ ጉዶ፣ በቤተ ክርስቲያን ስሙ ደብረ ጽዮን፣ ዮዲት ጉዲት አክሱምን ባጠፋች ጊዜ ካህናት ታቦተ ጽዮንን ይዘው ተሰደው ያኖሩበት ቦታ ነው የሚል ትውፊት አለ፤ የደሴቶቹ ባለቤቶች ዘዮችም ዘራቸውን ከእነዚያ ስደተኞች ጋር ያያይዛሉ፣ የራሳቸው የሆነ ሴማዊ ቋንቋም እስከ ዛሬ ይናገራሉ። ዓለም በታወከ ጊዜ ቅዱሱን ነገር በውሃ መካከል ለመሰወር ያሰበ ኅሊና ምን ያህል አርቆ ተመልካች እንደ ነበረ በጀልባ ተቀምጦ ማሰላሰል፣ ከአንድ ብርጭቆ ሜርሎ የበለጠ ሐሴት ይሰጣል።

ይህን ሁሉ እየመሰከርሁ ስለ ምን ወደ ፒያሳ እሄዳለሁ? መኪና ከገዛ ወዲህ በዓል ቤቱ መዋል ያቃተው አንድ ወጣት ጎረቤቴም የሚጠይቀኝ ይህንኑ ነው። «ጋሼ፣ ፒያሳን ድሮ የጠገቧት አይደለም እንዴ? ደግሞ ምን ሊያዩ ይሄዳሉ?» ይለኛል።

መልሴ ከአትክልት ተራ ይጀምራል። የፒያሳው አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ወደ ጃን ሜዳ ተዛወረ፤ በማግሥቱ ዓመትም ጃን ሜዳ ለጥምቀት በዓል መለቀቅ ስለ ነበረበት ገበያው ወደ እኛው ወደ ሀይሌ ጋርመንት መጣ። ከዚያ ወዲህ የዝዋይና የመቂ ማሳ በአይሱዙ እየተጫነ እደጃችን ድረስ ይደርሳል፤ ሽንኩርቱ በጆንያ፣ ቲማቲሙ በሣጥን ሲራገፍ እየሰማ የሚያድር ሰው ስምጥ ሸለቆን ናፈቅሁ ሊል አይችልም። ወይን ጠጁም ቢሆን ሩቅ አይደለም፤ ጉደርንና አክሱሚትን ከሚያወጣው ከአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካዎች አንዱ የሚገኘው በጎረቤታችን በመካኒሳ ነው። (ጉደርን ከኮካ ኮላ ጋር ቀላቅለው ለሚጠጡ ወዳጆቼ የወይን አገር ጕብኝት የሚጨምርላቸው ነገር መኖሩን እጠራጠራለሁ፤ ሆኖም በጠጅ ያደገ ሕዝብ ጣፋጭ ቢወድ አይፈረድበትም።)

ፒያሳ ግን ወደ እኛ አትመጣም። ከእርስዋ ዘንድ ወደ እኛ የመጣው ያ የሽንኩርት ተራ ብቻ ነው፤ የቀረውን ለማየት ለታክሲ ተሰልፎ፣ ሜክሲኮ አደባባይ ላይ ወርዶ፣ እንደ ገና ተሰልፎ መሄድ ያስፈልጋል፤ በዚህም ድካም የተነሣ በከተማዋ ደቡባዊ ዳርቻ የሚያድጉ ብዙ ልጆች ሞጆንና ቢሾፍቱን ሲያውቁ፣ የቅዱስ ጊዮርጊስን ካቴድራል ከመገበያያ ኖት ላይ እንዳለ ሥዕል በሩቅ ብቻ ያውቁታል። ከዓድዋ ድል በኋላ የተሠራው፣ ንግሥት ዘውዲቱና ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ የጫኑበት፣ ፋሺስት ያቃጠለው፣ ነጻነት ከተመለሰ በኋላም የታደሰው ይህ ባለ ስምንት ማዕዘን ቤተ መቅደስ የሚገኘው ከባሕር ማዶ ሳይሆን በራሳቸው ከተማ ውስጥ ነው።

አብዛኛው ሰው ፍሬ ወቅቱን ጠብቆ የሚያልፍ፣ ከተማ ግን ምንጊዜም ከቦታው የማይጠፋ ነገር ነው ብሎ ያስባል፤ በእኛ ዘመን ይህ አሳብ ተገላብጧል። ሐረጉ ዓመት በዓመት ያፈራል፣ ዘንድሮ ያላየው ሰው ለከርሞ ያየዋል። የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል ግን በ2007 ዓ.ም. ጥር ወር ከፊሉ በእሳት ተበላ፤ ዶሮ ማነቂያ የተባለው የፒያሳ ሠፈርም በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ፈረሳ በተጀመረ ጊዜ፣ እሑድ እሄዳለሁ ይሉ የነበሩ ሰዎች ሳይደርሱ ከምድር ላይ ተነሣ። አዲሱ ነገር ክፉ ነው አልልም፤ በዚያው ዓመት በየካቲት የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ሙዚየም ለከተማዋ ጌጥ መሆኑን፣ የተስፋፋው መንገድም ለእግረኛ መተንፈሻ መስጠቱን እመሰክራለሁ። ነገር ግን አሮጌውን ያላየ ሰው አዲሱን ከምን ጋር ያመዛዝነዋል? ስለዚህ ቶሎ የሚያልፈውን አስቀድሞ፣ የሚቈየውን አስከትሎ መጐብኘት ይገባል እላለሁ።

«ሐይቁስ አያልፍም ወይ?» የሚል ተከራካሪ ቢነሣ፣ ይህ ጥያቄ ከክርክሮቹ ሁሉ የከበደኝ መሆኑን አልሸሽግም። የዝዋይ ሐይቅ ጥልቀቱ በአማካይ ከ3 ሜትር ያነሰ ነው፤ ጽጌረዳውም፣ ቲማቲሙም፣ ሽንኩርቱም የሚጠጡት ከእርሱና ከገባሮቹ ከመቂና ከቀጣር ነው፤ የእርሱን ትርፍ በቡልቡላ ወንዝ የሚቀበለው አቢጃታ ምን ያህል እንደ ሸሸም ያየ ያውቃል። እንግዲያውስ ለሐይቁና ለደሴቱ ሲባል ሁለተኛው በዓል ለዝዋይ ይሁን፤ ያን ጊዜም ወይኑ የጉዞው ምክንያት ሳይሆን የማታው ማሟሟቂያ ይሁን።

ለሚመጣው በዓል ግን አሳቤ ቈርጧል። ማለዳ ወደ ስድስት ኪሎ ወጥቼ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ያለውን ሙዚየም አያለሁ፤ የንጉሠ ነገሥቱን መኝታ ቤት ከተመለከትሁ በኋላም በግቢው በቆመው የጣሊያን ደረጃ ሥር ጥቂት እቆያለሁ። እያንዳንዱን እርከን ለአንድ የፋሺስት አገዛዝ ዓመት መታሰቢያ አድርገው የሠሩት ሰዎች መድረሻውን ሳያዩ ተባረሩ፤ በጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀምጦበታል፤ በከተማችን ከዚህ የተሻለ ምፀት አላየሁም። ከዚያ ቍልቍል ወደ ፒያሳ ወርጄ፣ ካቴድራሉን ተሳልሜ፣ ምሳዬን ከእሳቱ በተረፈው የጣይቱ ሆቴል እበላለሁ። ጎረቤቴንም መኪናውን ቤቱ ትቶ አብሮኝ እንዲመጣ ጠይቄዋለሁ፤ እስካሁን አልተስማማም። ከመጣ ግን አንድ ብርጭቆ ጉደር በእኔ ሒሳብ ነው፤ ከኮካ ጋር ቢቀላቅለው ዐይቼ እንዳላየሁ አልፋለሁ።