ከልስኑ በፊት ስለ ኧርዙ ጠይቁ

ቤት በሚሠራበት ሁሉ «ብረት ኮንዲዩት ከገባ ስጋት የለም» ሲባል እሰማለሁ። ግማሹ እውነት ነው። የብረት ቱቦ በውስጡ የሚያልፈውን ገመድ ከምስማር፣ ከመዶሻና ከአይጥ ጥርስ ይጠብቃል፤ እንደ ፕላስቲኩም በእሳት አይቀጣጠልም። ሰውን የሚጠብቀው ግን ከኧርዝ ጋር ሲያያዝ ብቻ ነው። ካልተያያዘ ከፕላስቲኩ የባሰ አደገኛ ይሆናል። ይህን የቤቱ ባለቤትም ሊያውቀው ይገባል።

ለዚህ ባለሙያዎች በየቀኑ የሚጠሯቸውን ሦስት ሽቦዎች መለየት ያስፈልጋል። ፌዝ ኃይሉን ይዞ የሚመጣው ነው፤ በአገራችን ከኒውትራል ጋር ሲለካ 220 ቮልት ይሆናል። ኒውትራል መመለሻው ነው፤ ዕቃው በሠራ ቁጥር ኮረንቲው በሁለቱም ይሄዳል። ኧርዝ፣ ግራውንድ የሚሉትም አሉ፣ በደህና ጊዜ ምንም አይሸከምም። ፌዝ ካለቦታው ብረት ሲነካ ግን ኮረንቲው በሰው ሳይሆን በእሱ በኩል እንዲሄድ ያደርጋል።

አንድ የብየዳ ቤት እንይ። ከጣሪያው ወደ ግራይንደሩ ሶኬት የብረት ቱቦ ይወርዳል። ቱቦው በመጋዝ ሲቆረጥ ጫፉ ላይ እንደ ምላጭ የሾለ ከንፈር ይቀራል። ሠራተኛው ጫፉን በሞረድ ሳያስተካክልና የፕላስቲክ ቀለበት ሳያስገባበት ገመዱን ከሳበ፣ የፌዙ ልባስ ይላጣል። መብራቱ ይበራል፣ ማሽኑ ይሠራል፣ ማንም ምንም አያውቅም። ኧርዝ ከሌለ ግን ቱቦው ከላይ እስከ ታች 220 ቮልት ተሸክሞ ይቆማል። ላብ ያለበት እጅ ቱቦውን የነካ ዕለት ኮረንቲው በዚያ ሰው በኩል ወደ መሬት ይሄዳል።

«የኧርዝ ዘንግ መሬት ውስጥ ቀብረናል» የሚለው መልስም ብቻውን አይበቃም። የተቀበረው ዘንግ ከመሬቱ ጋር ያለው ተቃውሞ 20 ኦም ቢሆን፣ 220 ቮልት የሚያሳልፈው ኮረንቲ 11 አምፔር ብቻ ነው። 16 አምፔር ብሬከር በዚህ አይወድቅም፤ ቱቦው ኮረንቲ እንደያዘ ይቀጥላል። በደረቅና ድንጋያማ መሬት ደግሞ ተቃውሞው ከዚህም ይበልጣል። ብሬከር የሚጠብቀው ገመዱን ከመቃጠል ነው። ሰውን ለመጠበቅ አርሲዲ የሚባለው መሣሪያ ያስፈልጋል። አርሲዲ በፌዝ የሄደውንና በኒውትራል የተመለሰውን ያነጻጽራል፤ ልዩነቱ 30 ሚሊአምፔር ሲደርስ ቅጽበት ሳይቆይ ያቋርጣል።

ወደ ቱቦው እንመለስ። በአሜሪካዋ ቺካጎ ከተማ የመኖሪያ ቤት ገመድ እንኳ በአብዛኛው በብረት ቱቦ እንዲያልፍ ደንቡ ያስገድዳል። በአሜሪካ የኤሌክትሪክ ኮድ መሠረት በትክክል የተገጣጠመ የብረት ቱቦ ራሱ የኧርዝ መስመር ሆኖ ሊያገለግል ይችላል። ኢኤምቲ የሚባለው ስስ ቱቦ በብሎን ወይም በሚጠብቅ ማገናኛ ይያያዛል፤ ወፍራሙ ጥርስ ወጥቶለት ይጠመዘዛል። በሁለቱም ዓይነት አንድ ማገናኛ ከላላ መስመሩ እዚያ ላይ ይበጠሳል። ስለዚህ በእኛ አገር፣ አሠራሩ ወጥ ባልሆነበት፣ በየቱቦው ውስጥ የራሱ የኧርዝ ሽቦ እንዲገባ አጥብቄ እመክራለሁ። የአንድ መስመር ፌዝና ኒውትራልም በአንድ ቱቦ ይለፉ፤ ከተለያዩ የብረት ቱቦው ይግላል።

ይህ ሁሉ ከልስን በፊት ይታያል፤ ከልስን በኋላ ለማየት ግድግዳ መፈልፈል ይጠይቃል። ስለዚህ ግንበኛው ልስን ከመጀመሩ በፊት ከኤሌክትሪሺያኑ ጋር ቁሙ። የተቆረጡት ጫፎች በሞረድ ተስተካክለዋል ወይ? ቅጥያው ሁሉ በጀንክሽን ቦክስ ውስጥ ነው ወይስ ቱቦው ውስጥ ተቀብሯል? ኃይሉ ተቋርጦ፣ ከእያንዳንዱ ቱቦ እስከ ኧርዙ በመልቲሜትር ሲለካ ወደ ዜሮ የተጠጋ ኦም ያሳያል ወይ? የዘንጉ ተቃውሞስ ተለክቷል? አርሲዲስ ይገጠማል? መልሱ «ግድ የለም፣ አታስቡ» ከሆነ ልስኑ ይቆይ።