እናት ለልጇ የማትነግረው ሕመም

እኛ ተማሪዎች ገና በልጅነታችን የቤቱ አስተርጓሚ ሆነናል። የባንኩን ደብዳቤ የምናነበው እኛ፣ ኩፓት ሆሊም ከእናቶቻችን ጋር የምንገባውም እኛ ነን። ታዲያ እናት ወንድ ልጇ አጠገቧ ተቀምጦ ስለ ማኅፀኗ እንዴት ትናገር? «ሆዴን ይነፋኛል» ብቻ ትላለች። እኛም «ሆዷን ያማታል» ብለን ተርጉመን፣ የጨጓራ መድኃኒት ይዘን እንመለሳለን።

ብዙ ጊዜ በእርግጥ ጨጓራ ነው። የእንቁላል ማምረቻ ካንሰር ምልክትም ግን ይህንኑ ይመስላል፤ ሆድ ይነፋል፣ ትንሽ በልቶ መጥገብ ይመጣል፣ ከእምብርት በታች ያማል፣ ሽንት ቶሎ ቶሎ ይመጣል። አዲስ ከሆነና ለሳምንታት ከቆየ መመርመር ያስፈልጋል። ለማኅፀን በር የሚደረገው የፓፕ ምርመራ ይህን ካንሰር አያሳይም። አልትራሳውንድና ሲኤ 125 የተባለው የደም ምርመራ ፍንጭ ይሰጣሉ፤ የሚያረጋግጠው የሥጋ ናሙና ነው። ሕክምናው በአብዛኛው ቀዶ ሕክምናና ኬሞቴራፒ ሲሆን፣ ቀድሞ ከተደረሰበት የመዳን ዕድሉ እጅግ ይሰፋል።

ስለዚህ በዚህ ጉዳይ አስተርጓሚነቱን እንተው እንላለን። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ2011 ባወጣው መመሪያ መሠረት የሕክምና ተቋማት ለታካሚው ቋንቋ ተደራሽ መሆን አለባቸው። በስልክም ቢሆን አማርኛ የሚያውቅ ባለሙያ እንጠይቅ፤ «ልጇ አለ አይደል?» ሲሉን እሺ አንበል። እኛ ቀጠሮ እንያዝ፣ እናድርሳቸው፣ ከዚያ በሩ ላይ እንጠብቃቸው።

ቤት ስንገባ ደግሞ አያታችን በምን እንደሞተች እንጠይቅ። በቤተሰብ ውስጥ የጡት ወይም የእንቁላል ማምረቻ ካንሰር ካለ ሐኪሙ ማወቅ አለበት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።