ማር የማይሰጡ ንቦች

በካልጋሪ የሚያዝያ በረዶ ገና ቀልጦ ሳያልቅ፣ እንደ ኖዝ ሂል ባሉ ሰፋፊ የሣር መናፈሻዎች አንዲት ትልቅ ፀጉራም ንብ ከአፈር ውስጥ ትወጣለች። የበረዶውን ወራት ብቻዋን መሬት ውስጥ ተደብቃ ያሳለፈች አውራ ናት፤ ባለፈው በጋ አብረዋት ከነበሩት ሠራተኛ ንቦች አንዲቱም አልተረፈችም። የበረራ ጡንቻዎቿን እያንቀጠቀጠች ገላዋን ታሞቅና፣ ብዙዎቹ ነፍሳት ገና ባልነቁበት ቅዝቃዜ አበባ ፍለጋ ትነሣለች። በዚያ ሰሞን አበባ ካጣች፣ በበጋው ሊፈለፈሉ የነበሩት ልጆቿ ሁሉ ከእርሷ ጋር ይቀራሉ።

ይህች ንብ የሰው ልጅ የሚቆርጠው ማር የላትም፤ ቀፎ ሠርቶ የሚያኖራትም የለም። በካናዳ ከ800 በላይ የዱር ንብ ዝርያዎች ይኖራሉ። አብዛኞቹ መንጋ የላቸውም፤ እያንዳንዷ እናት በባዶ መሬት ወይም በደረቀ አገዳ ውስጥ የራሷን ጎጆ ትሠራለች። በሰፊው የምትታወቀው ማር ሠሪ ንብ ግን ለካናዳ እንግዳ ናት፤ ከአውሮፓ የመጡ ሰፋሪዎች እንደ ከብታቸው ይዘዋት ገብተዋል።

ይህ ልዩነት በከተማዋ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በቀላሉ ላይታይ ይችላል። በኢትዮጵያ ማር ሠሪዋ ንብ የአገሩ ተወላጅ ናት። ማሯ ጠጅ ይጣልበታል፤ ሰሟ ጧፍ ሆኖ በቤተ ክርስቲያን ይበራል፤ የንጉሥ ላሊበላ ስምም በሕፃንነቱ ከከበበው የንብ መንጋ ጋር ተያይዞ ይተረካል። ንብን ማክበር ከልጅነት የሚወረስ ባህል ነው። በካልጋሪ ምድር ግን ይህ ክብር ማር ለማይሰጡትም ንቦች ሊዳረስ ይገባል።

«ንቦችን እንታደግ» የሚል ጥሪ ሲሰማ፣ ብዙ ሰው በመጀመሪያ የሚያስበው ቀፎ መግዛትን ነው። አሳቡ ቅን ቢሆንም፣ ፍየል በማርባት ዋልያን ለማትረፍ እንደ መሞከር ነው። አልበርታ ከካናዳ የማር ምርት 40 በመቶ ያህሉን የምትሰጥ ክፍለ አገር ስትሆን፣ ማር ሠሪዋን ንብ በበሽታም ሆነ በብርድ ስትጎዳ የሚተካት ባለቤት አላት። የዱር ንብ ግን ባለቤት የላትም። እንዲያውም አበባ በተመናመነበት ሰፈር ቀፎ ሲበዛ፣ ያችኑ ጥቂት ቀለብ ከባለ ቀፎዎቹ ጋር ለመሻማት ትገደዳለች።

ከእነዚህ ባለቤት አልባ ንቦች አንዷ፣ በሳይንሳዊ ስሟ ቦምበስ ኦክሲደንታሊስ የምትባለው ፀጉራም ንብ፣ ቀድሞ በምዕራብ ካናዳ በብዛት ትታይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 ግን በአልበርታ ደቡብ የሚገኘው ወገኗ ለአደጋ ከተጋለጡት ተርታ እንዲመደብ የአገሪቱ የባለሙያዎች ኮሚቴ ወሰነ። ለግሪንሃውስ አገልግሎት ከሚረቡ ንቦች የሚተላለፉ ጥገኛ ተሕዋስያን፣ ፀረ ተባይ ኬሚካሎችና የመኖሪያ መሬት መጥፋት በምክንያትነት ይጠቀሳሉ። ጉዳቱ እስከ ማዕድ ይደርሳል። የቲማቲም አበባ ብናኙን አጥብቆ የሚይዝ ነው፤ ፀጉራም ንብ አበባውን ጨብጣ በጡንቻዋ ንዝረት ታራግፈዋለች። ማር ሠሪዋ ንብ ይህን ማድረግ አትችልም።

የነፍሳት ብዛት ለነገ ዋስትና እንደማይሆን የሰሜን አሜሪካ ሜዳ አንድ ጊዜ አይቶታል። የሮኪ ተራሮች አንበጣ በ19ኛው መቶ ዘመን የገበሬውን ማሳ እያወደመ ይጓዝ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1875 በነብራስካ ሰማይ ያለፈው መንጋ ግማሽ ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ እንደሸፈነ ተገምቷል። ከ27 ዓመታት በኋላ፣ በ1902፣ የመጨረሻዎቹ ሕያዋን አንበጣዎች በካናዳ ተያዙ፤ ከዚያ ወዲህ በሕይወት ያየው የለም። እ.ኤ.አ. በ2020 የበረሃ አንበጣ የዘመዶቹን ማሽላ የጨረሰበት ሰው «እንኳን ጠፋ!» ቢል አይፈረድበትም። ዳሩ ግን ተመራማሪዎች እንደሚያስረዱት፣ ሰፋሪዎቹ ያን አንበጣ ያጠፉት ሆን ብለው አይመስልም፤ እንቁላሉን የሚጥልባቸውን የተራራ ሸለቆዎች ሲያርሱና ከብት ሲያሰማሩባቸው ሳያውቁት ዘሩን አቋረጡት። እንዲህ ያለውን ጠላት ሳያስቡት ማጥፋት ከተቻለ፣ ወዳጅንም ሳያስቡት ማጥፋት ይቻላል።

በካልጋሪ ጥሩ ጅምር አለ። የከተማው አስተዳደር በካንየን ሜዶውስ ድራይቭ መንገድ ዳር፣ ተራ ሣር በነበረበት ቦታ፣ ለንቦች የሚስማሙ አበቦችን ተክሏል። የቀረው በየአጥሩ ግቢ የሚሠራ ነው፤ ገንዘብም ብዙ አይጠይቅም። በጥቅምት የደረቁ አገዳዎችንና የረገፉ ቅጠሎችን እስከ ፀደይ መተው፣ ጥቂት መሬት ሳይቆፍሩና ሳይሸፍኑ ማቆየት፣ በአበባ ላይ መርዝ አለመርጨት፣ በአገሩ የበቀሉ አበቦችን መትከል፣ በቂ ነው።

አስቸጋሪው ነገር ይሉኝታ ነው። በሰው አገር ቤት የገዛ ሰው፣ ግቢው ጠፍቶ ጎረቤት በስንፍና እንዳያማው ይሠጋል፤ ስለዚህ ሣሩን ይላጫል፣ በሚያዝያ ብቅ የሚሉትን ቢጫ አበቦችም ይነቅላል። ሥጋቱ እውነተኛ ነው። ይሁን እንጂ ጎረቤትን ጠርቶ ምክንያቱን መንገር፣ ልጆችንም በአገዳው ቀዳዳ የምትገባዋን ንብ እንዲያዩ ማድረግ፣ ሐሜቱን ወደ ጨዋታ ይለውጠዋል። የከተማው ምክር ቤትም የመናፈሻና የመንገድ ዳር ሣር አያያዝን የሚያሻሽለው፣ ነዋሪው ሲጠይቀው ነው።

ማር የምትሰጠውን ንብ ማክበር አባቶች ያቆዩት ደግ ልማድ ነው። ማር የማትሰጠውን ማክበር ደግሞ የዚህ ትውልድ ድርሻ ነው፤ በሚቀጥለው ሚያዝያ ከአፈር የምትወጣዋ አውራ የምትፈልገው አንድ ያልተነቀለ አበባ ነውና።