የጀበናው ጨው

ጨው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የቡና አገር ከወጥ ቀድሞ ስኒ ውስጥ ይገኛል። በቤንች፣ በሸካና በካፋ በብዙ ቤት ቡና በጨው ይጠጣል፤ ቅቤ የሚጨምርበትም አለ። ከቡና ቅጠል የሚፈላው ጨሞም ከዝንጅብሉ፣ ከሚጥሚጣውና ከነጭ ሽንኩርቱ ጋር ጨው ይገባበታል። የሚዛን ተፈሪና የቴፒ ከተማ ስኳር ቢለምድም የገጠሩ ጀበና የቆየ ወዳጁን አልተወም። ስለዚህ በዚህ አገር ማን ስንት ጨው እንደሚበላ ለመገመት ድስቱን ማየት ብቻ አይበቃም።

ጨው ለአካባቢው የሩቅ እንግዳ ነበር። ከአፋር ቆላ ተቆርጦ የሚወጣው አሞሌ ጨው በግመል ወደ ደጋው ይወጣ ነበር፤ ከዚያ በበቅሎና በአህያ ከገበያ ገበያ እየተሻገረ፣ የጊቤን ወንዝ አልፎ ካፋ ይደርስ ነበር። አሞሌ የሚበላ ዕቃ ብቻ አልነበረም፤ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ ገንዘብም ሆኖ አገልግሏል። ቡናው፣ ማሩና ዝባዱ በእሱ ይገዛ ነበር፤ በባሪያ ንግድ ዘመን ሰውም ተሽጦበታል። ከመነሻው በራቀ ቁጥር ዋጋው ስለሚንር፣ ሰሜን ላይ በአንድ ማርትሬዛ ብር ብዙ አሞሌ የሚሸምት ነጋዴ የካፋዋ ቦንጋ ላይ በዚያው ብር የሚያገኘው ጥቂት ነበር። ውድ ነገር በቁጠባ ይበላል፤ የጨውን ልክ ይጠብቅ የነበረው ዋጋው ነው። ዛሬ ጨው ከሱቅ ዕቃ ከርካሾቹ አንዱ ነው። ዋጋው ሲረክስ ልኩ ለእጅ ተተወ።

ሰውነት ያለ ጨው አይኖርም። ከጨው ክብደት 40 በመቶ ያህሉ ሶዲየም ነው፤ ነርቭ መልእክት ለማስተላለፍ፣ ጡንቻ ለመኮማተር፣ የሰውነት ውኃም ሚዛኑን ለመጠበቅ ሶዲየም ያስፈልጋቸዋል። ጤናማ ኩላሊት የተረፈውን በሽንት ያስወጣል። ትርፉ ዕለት ዕለት ሲደጋገም ግን ሶዲየም ውኃ ይዞ ይቀራል፤ በደም ሥር የሚዘዋወረው ፈሳሽ ይበዛል፤ ልብ በበለጠ ኃይል መግፋት ይጀምራል፤ የደም ሥር ግድግዳም እያደር ይደነድናል። የደም ግፊት እንዲህ ቀስ ብሎ ይገባል። ብዙውን ጊዜ ሕመም ስለሌለው ሳይለኩት አይታወቅም፤ አንዳንዱ ሰው መኖሩን የሚያውቀው ስትሮክ ከመታው ወይም ልቡና ኩላሊቱ ከደከሙ በኋላ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ይበቃል ይላል። ይህ አንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። እ.ኤ.አ. በ2015 ከ15 እስከ 69 ዓመት ባሉ ኢትዮጵያውያን ላይ የተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ግን አማካዩን 8.3 ግራም ሆኖ አግኝቶታል፤ ከ100 ሰው 96ቱ ከሚመከረው በላይ ይበሉ ነበር። በዚያው ጥናት ከስድስት ሰው የአንዱ ያህል የደም ግፊት ከፍ ያለ ነበር።

በበለጸጉት አገሮች አብዛኛው ጨው የሚመጣው ከፋብሪካ ምግብ ነው፤ መፍትሔውም በፋብሪካው በር ላይ ይፈለጋል። በቴፒና በሚዛን ገጠር ጨው የሚገባው በቤት ውስጥ፣ በጣት ቆንጠር እየተደረገ ነው። የሚገባውም አንዴ አይደለም። በርበሬና ሽሮ ሲዘጋጁ ጨው ይጨመርባቸዋል፤ ወጡ ሲሠራ እንደገና ይጨመራል። ጎደሬውም ሆነ ቆጮው የሚጠቀስበት ዳጣ የራሱ ጨው አለው። በዚህ ሁሉ ላይ ቡናው ይመጣል። በአንድ ስኒ ግማሽ ግራም ጨው ቢገባና ሰውየው በቀን ስድስት ስኒ ቢጠጣ፣ 3 ግራም፣ ማለትም የቀን ልኩን ከግማሽ በላይ፣ እህል ሳይቀምስ ጨረሰው ማለት ነው። ጨው አይወድም የሚባል ሰው እንኳ ይህን አይቆጥረውም፤ መጠጥ ነዋ!

የአካባቢው የጨው ነገር ሌላም ገጽ አለው። ደቡብ ምዕራቡ በኢትዮጵያ ብዙ ዝናብ ከሚጥልባቸው ቦታዎች አንዱ ነው፤ ከባሕርም የራቀ ነው። ቡናውን የሚያለመልመው ዝናብ ከአፈሩ ላይ አዮዲንን ያጥባል፤ በዚያ አፈር የሚበቅለው እህልና ሥራ ሥር በአዮዲን ይደኸያል። እጥረቱ አንገት ላይ በእንቅርት ይታያል፤ የከፋው ጉዳቱ ግን የማይታየው ነው። እናት በእርግዝናዋ አዮዲን ሲያጥራት የፅንሱ አእምሮ እድገት ይጎዳል፤ ጉዳቱም በኋላ በመድኃኒት አይመለስም። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ አገር አቀፍ ጥናት ከ6 እስከ 12 ዓመት ካሉ ሕፃናት 40 በመቶ ያህሉ እንቅርት እንዳለባቸው አሳይቷል። ከፍተኛው ቁጥር የተመዘገበው ቤንች፣ ካፋና ሸካ ባሉበት በያኔው የደቡብ ክልል ነበር።

አዮዲን ለሕዝብ ሁሉ የሚዳረስበት ርካሹ መንገድ ጨው ነው። ከኤርትራ ጋር የነበረው ጦርነት እ.ኤ.አ. በ1998 ሲነሳ የአሰብና የምጽዋ ጨው ቆመ፤ አገሪቱ በአፋር ወዳለው የአፍዴራ ጨው ዞረች፤ ለዓመታትም ብዙው ጨው አዮዲን ሳይጨመርበት ገበያ ገባ። የሚኒስትሮች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ደንብ የምግብ ጨው አዮዲን እንዲኖረው ግዴታ ሆነ። በዚያ ዓመት በተደረገው የሕዝብና ጤና ዳሰሳ አዮዲን ያለው ጨው የተገኘው በ15 በመቶ ቤቶች ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2016ቱ ዳሰሳ 89 በመቶ ደርሷል። ድሉ ትልቅ ነው፤ ሆኖም አዮዲን መኖሩና መብቃቱ ይለያያሉ። ጨው አፉ በተከፈተ ጆንያ፣ በፀሐይና በእርጥበት ሲቆይ አዮዲኑ እየቀነሰ ይሄዳል። ከመጠቀም በፊት ጨው የሚያጥብ ሰው አዮዲኑንም አብሮ ያጥበዋል። ዝናባም በሆነው በዚህ አገር ጨውን ክዳን ባለው ዕቃ ከምድጃ አርቆ ማስቀመጥና ወጥ ሊወጣ ሲል መጨመር የአዮዲኑን ዕድሜ ያራዝማል።

እነዚህ ሁለት ምክሮች፣ ጨው ቀንሱና አዮዲን ያለው ጨው ብሉ፣ የሚጋጩ ይመስላሉ፤ አይጋጩም። ለአዋቂ ሰው የቀን አዮዲን ፍላጎት 150 ማይክሮ ግራም፣ ለነፍሰ ጡር 250 ማይክሮ ግራም ነው። በአግባቡ የተመረተና የተያዘ ጨው የአዋቂውን ድርሻ በ5 ግራም ውስጥ ማቅረብ ይችላል። ጨው ማብዛት የተበላሸ ጨውን አይክስም፤ የሚጨምረው ግፊትን ነው። ምላስም ቢሆን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ለቀነሰ ጨው ይለምዳል። የጓሮው ሙዝና ጎደሬም አጋዥ ናቸው፤ ያላቸው ፖታሲየም ሶዲየም በሽንት እንዲወጣ ይረዳል፤ ኩላሊቱ የታመመ ሰው ግን አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ።

የቡና አገር ሰው ጀበናውን መተው አይጠበቅበትም። በርበሬው፣ ሽሮውና ዳጣው የያዙት ጨው ታስቦ፣ ጠዋት ለእያንዳንዱ አዋቂ አንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ፣ ለልጆች ከዚያ ያነሰ ጨው በክዳን ዕቃ ይሰፈር፤ የቀኑ ወጥ ጨው ከዚያ ይጨለፍ። ቡናውም ከዚያው ይጨመርለት።