የዋቢው ስም

«ዋቢ» ዩኒቨርሲቲ ከመግባቱ በፊት በችሎት የኖረ ቃል ነው። ሰው ሲከሰስ ወይም ሲበደር «እኔ አለሁለት» ብሎ የሚቆምለት ዋስ ዋቢው ይባላል። ተማሪ በመመረቂያ ጽሑፉ መጨረሻ «ዋቢ መጻሕፍት» ብሎ ሲዘረዝርም ዋሶቹን መጥራቱ ነው፤ ያልኩትን ከተጠራጠራችሁ እነዚህን ጠይቁ ማለቱ ነው። የምንጭ አጠቃቀስ ትምህርቱ ግን ከዚህ አይነሣም። ብዙ ጊዜ የሚነሣው ኮማው የት ይግባ፣ ቅንፉ የት ይዘጋ ከሚለው ነው፤ የሚያልቀውም ጽሑፉ ከሌሎች ጽሑፎች ጋር በስንት መቶኛ እንደሚመሳሰል የሚቆጥረውን ሶፍትዌር በመፍራት። ይህ አካሄድ የተሳሳተ ይመስለኛል። ምንጭ መጥቀስን ከቅጣት ማምለጫ አድርጎ የተማረ ልጅ፣ ሶፍትዌሩ የማይደርስበትን ምንጭ፣ ማለትም ሰውን፣ ሳይጠቅስ ያልፋል። ቅርጹ ብቻውን ዋስ እንደማይሆን ደግሞ በ2023 እ.ኤ.አ. በኒውዮርክ ታይቷል። ጠበቆች ቻትጂፒቲ የፈጠረላቸውን፣ ስማቸውና ቁጥራቸው የተሟላ ግን ከናካቴው የሌሉ የፍርድ ቤት ውሳኔዎችን ጠቅሰው በመገኘታቸው 5,000 ዶላር ተቀጡ።

ምንጭ ሳይጠቀስ ሲቀር የሚሆነውን ለማየት ወንጪን እንውሰድ። በአምቦና በወሊሶ መካከል፣ በጥንት እሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ የተኛው ሐይቅ ለአምቦ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከደጁ ያለ የጥናት ርዕስ ነው። በጽሑፎች ውስጥ 3,386 ሜትር የሚል ከፍታ በብዛት ይገኛል። ይህ የተራራው ጫፍ ከፍታ ነው፤ ሐይቁ ከዚያ በብዙ መቶ ሜትሮች ዝቅ ይላል። ምንጩን ሳይጠቅስ የቀዳ ተማሪ ቁጥሩን ለሐይቁ ይሰጠዋል፤ ቀጣዩም ከእሱ ይቀዳል፤ ስህተቱ ከየት እንደጀመረ መከታተያ አይኖርም። ወረዳውንም ቆየት ያሉ ጽሑፎች በምዕራብ ሸዋ፣ የቅርቦቹ በደቡብ ምዕራብ ሸዋ ያደርጉታል። ዞኑ ስለተከፈለ ሁለቱም በየጊዜያቸው ልክ ናቸው፤ የተጻፉበት ዓመት ካልተጠቀሰ ግን አንባቢ አንደኛውን ያለ ጥፋቱ ይኮንነዋል። ዓመቱ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነም መነገር አለበት። የተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት ወንጪን ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ ያላት በ2021 እ.ኤ.አ. ነው፤ በእኛ 2014 ዓ.ም. ነበር። ያለ ምልክት የተጻፈ ዓመት አንዱን ነገር ሁለት ያስመስለዋል።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ግን በወረቀት ያልሰፈረው እውቀት ነው። «ገበታ ለሀገር» የተባለው የቱሪዝም ልማት ፕሮጀክት በ2012 ዓ.ም. ማብቂያ ይፋ ሆኖ ግንባታው ሳይመጣ በፊት የፈረሱና የጀልባው ተራ እንዴት ይያዝ ነበር? በሐይቁ ደሴት ወዳለው የቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ሰው እንዴት ይሻገር ነበር? ይህን የሚያውቁት ባለፈረሶቹና ቀዛፊዎቹ ናቸው። ብዙ ተማሪዎች የሚማሩት የኤፒኤ የምንጭ አጠቃቀስ ሥርዓት ደግሞ አንባቢ ሄዶ ሊያገኘው የማይችለውን የግል ቃለ መጠይቅ ከዋቢ ዝርዝሩ ያስቀረዋል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ትምህርት ክፍል የተሻለ ልማድ አለው። ከመመረቂያ ጽሑፉ ኋላ የመረጃ አቀባዮች ዝርዝር ይከተላል፤ ስም፣ ዕድሜ፣ ቃሉ የተሰጠበት ቦታና ቀን። ሽማግሌው ከመጽሐፉ እኩል ዋስ ሆነው ይቆማሉ። ስለ ወንጪ በቱሪዝምም ሆነ በአካባቢ ጥበቃ የሚጽፍ ተማሪ ይህን ልማድ ቢወርስ ምን ይጎድልበታል?

ደንቡን ማሻሻል ሥርዓት ማፍረስ ነው የሚሉ ይኖራሉ። ኤፒኤ ራሱ በ1929 እ.ኤ.አ. ለአሜሪካ የሥነ ልቦና ሰዎች የወጣ የጥቂት ገጾች መመሪያ ነበር፤ እየተሻሻለ 7ኛ እትም ደርሷል። የእኛን ስም እንደ ፈረንጅ የቤተሰብ ስም መገልበጡም መታረም ያለበት ነው። የታሪክ ምሁሩ ባሕሩ ዘውዴ «ዘውዴ፣ ባ.» ተብለው ሲጠቀሱ መጽሐፋቸውን አባታቸው የጻፉት ይመስላል። በጀርመን አገር የታተመው ባለ 5 ቅጹ ኢንሳይክሎፔዲያ ኢትዮፒካ የኢትዮጵያውያንን ስም ሳይገለብጥ በመጠሪያ ስማቸው ደርድሯል፤ ተአማኒነቱ አልቀነሰም። ሌሎች ደግሞ የመጽሐፍና የኢንተርኔት እጥረቱን ያነሣሉ። እጥረቱ እውነት ነው፤ ዩኒቨርሲቲዎች የቀደሙ ጥናቶችን ለሁሉም ክፍት የማድረግ ዕዳ አለባቸው። ቀዛፊውን ለመጥቀስ ግን ደብተር፣ ቀንና ትሕትና ይበቃል።

ክብደት የምሰጠው ለሦስተኛው ተቃውሞ ነው። የመሬትና የካሳ ነገር ባለበት ቦታ ስምን ማተም ሰውን ለችግር ሊያጋልጥ ይችላል። ስለዚህ ፈቃድ ይጠየቅ፤ ተናጋሪው ካልፈለገ ስሙ ይቅር፤ ግን በእሱ ፍላጎት እንደቀረ፣ ቃሉ በየትኛው ቀበሌና በየትኛው ቀን እንደተሰጠ ይጻፍ። አንድ ነገር ልጨምር። በወንጪ ቃሉ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው በኦሮምኛ ነው፤ ጥናቱ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። በመካከል አንድ ተርጓሚ አለ፤ ብዙውን ጊዜ ተማሪው ራሱ። ይህም ይነገር፤ የሽማግሌው ቃል በተነገረበት ቋንቋ አባሪ ሆኖ ይቀመጥ፤ ትርጉሙን የተጠራጠረ አንባቢ ከዚያ ያመሳክረው።