ዐስበ ዕለት

አሰበ ተፈሪ የሚለውን የከተማ ስም ተራው ሰሚ ሲሰማው «አሰበ» የሚለውን ግስ፣ ማለትም ዐቀደ፣ አወጣ፣ አወረደ የሚለውን ትርጉም ያገኝበታል፤ የግእዝ ተማሪ ግን «ዐስብ» የሚለውን ስም፣ ይኸውም ለደከመ ሠራተኛ በሠርክ የሚከፈለውን የድካም ዋጋ ይሰማበታል። ዛሬ ጭሮ ተብላ የምትጠራው ይህች የምዕራብ ሐረርጌ ከተማ በተነሣች ቁጥር ሁለቱም ትርጓሜዎች ተያይዘው ይመጡብኛል፤ የሰው ልጅ ዕለት በሁለቱ መካከል የተዘረጋች ናትና፤ በነግህ ያስባል፣ በሠርክ ዐስቡን ይቀበላል። በመካከላቸው ግን ብዙዎቻችን የምንዘልለው አንድ ትንሽ ተግባር አለ፤ ያሰቡትን በቁራጭ ወረቀት ላይ መጻፍ፣ የጻፉትንም ቀዳሚና ደኃሪ ብሎ እንደየማዕረጉ መሾም።

ከተማዋን በከበቡት የጨርጨር ተራሮች የሚኖር ገበሬ ማሳውን ሲመለከት ሁለት ዓይነት ሥራ ያያል። አንደኛው የጫት ሥራ ነው፤ ጫት በማለዳ ተቀንጥሶ፣ በዙርባ ታስሮ፣ በእርጥብ ቅጠል ተጠቅልሎ በቶሎ ካልተጫነ፣ ሁለት ቀን ባደረ ጊዜ ጠውልጎ ዋጋውን ያጣልና፣ ነጋዴውም ሾፌሩም ተሸካሚውም እየተጣደፉና እየጮኹ ይሠሩታል። ሁለተኛው የቡና ሥራ ነው፤ ቡና ከችግኝ ተነሥቶ ፍሬ እስኪሰጥ ሦስትና አራት ዓመት ያስታግሣል፤ የሚለቀመውም በዓመት አንድ ወቅት ነው፤ ከዚያም በፀሐይ ደርቆ፣ ጀንፈል ሆኖ፣ በጆንያ ውስጥ ገዢውን ዝም ብሎ ይጠብቃል እንጂ በማለዳ የማንንም በር አያንኳኳም። ስሙ በዓለም ገበያ የታወቀው የሐረር ቡና ግን በእነዚህ ተራሮች ላይ በብዙ ማሳ ተነቅሎ በቦታው ጫት ተተክሏል። የቡናው ዋጋ መዋዠቅ፣ የቡና በሽታ፣ የዝናብ መጥፋትና የመሬት ጥበት ያስገደዱትን ገበሬ በዚህ አልነቅፈውም። በእኛ በከተሜዎቹ የዕለት ኑሮ ግን ይኸው ንቅለት ያለ በሽታና ያለ ድርቅ ይፈጸማል፤ የሚጮኸው ሥራ ዝም ያለውን ሥራ ይነቅለዋል።

ይህን የምለው ከመጽሐፍ አንብቤ ሳይሆን በራሴ ላይ ደርሶብኝ ነው። ወደ በዴሳ በሚወስደው መንገድ ዳር ከአባቴ በወረስኋት ቁራሽ መሬት ላይ ልተክላቸው አርባ የቡና ችግኞች በሰኔ ወር ገዝቼ በጓሮዬ ጥላ ሥር አኑሬያቸው ነበር። በየማለዳው ግን አንድ ቀጠሮ፣ አንድ አስቸኳይ ጉዳይ፣ አንድ የስልክ ጥሪ ይቀድመኝና «ነገ» እላለሁ፤ ሐምሌ በዚህ አለፈ፣ ነሐሴም በዚህ አለፈ፤ መስከረም ጠብቶ ዝናቡ ሲሸሽ ችግኞቹን ባነሣቸው ሥሮቻቸው በጠባቡ ከረጢት ውስጥ ተጠማዝዘው፣ ቅጠላቸውም ገርጥቶ አገኘኋቸው። ሰነፍ ሆኜ ቢሆን ኖሮ ንስሐው በቀለለኝ ነበር፤ ልቤን ያሳዘነው ግን በዚያ ክረምት አንድም ቀን ሥራ ፈትቼ አለመዋሌ ነው። ዕለት ዕለት ደክሜያለሁ፤ የደከምሁት ግን ቀድሞ ለጮኸልኝ እንጂ ለሚገባው አልነበረም።

ቀኑን በጽሕፈት የያዘ ሰው ስፈልግ ትዝ የሚሉኝ በዚህች በጭሮ ከተማ ከነበሩት ታላላቅ ሰዎች አንዱ፣ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ናቸው። በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ጦርነት በኋላ ገና ሕፃን ሳሉ በእንግሊዝ መኮንኖች እጅ ተወስደው በሕንድ አገር አደጉ፤ ሕክምና ተምረው ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላም በ1920ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ የጨርጨር ገዢ ሆነው ተሾሙ፤ ግዛቱንም ለሌላው አገር አርአያ ለማድረግ ጣሩ። እኒህ ሰው ለብዙ ዓመታት የዕለት ማስታወሻ ይጽፉ ነበር፤ አንድ የታሪክ ጸሐፊም ሕይወታቸውን የተረከው በዚሁ ማስታወሻ ተመርቶ ነው። ያን ያህል ሹመትና ኃላፊነት የተሸከመ ሰው ከቀኑ ጋር በጽሕፈት ለመተሳሰብ ጊዜ ካገኘ፣ እኛ የምናጣበት ምክንያት አይታየኝም። ነገር ግን የሠርክ ማስታወሻ ስላለፈው ይመሰክራል እንጂ ያለፈውን አይመልስም፤ የነግህ ዝርዝር ግን ገና ባልባከነው ቀን ላይ ያዝዛል።

ስለዚህ ከዚያ ክረምት ወዲህ የያዝሁትን ሥርዓት ልንገራችሁ። ወረቀቱን የምጽፈው በማለዳ ነው። በአገራችን ከቀትር በኋላ ጫት ለመቃም በርጫ ላይ ተቀምጦ ምርቃናው ሲመጣ ፎቅ የማይሠራ፣ ንግድ የማያስፋፋ የለም፤ ያ ሁሉ ዐሳብ ግን ስላልተጻፈና ስላልተመረጠ ከጫቱ ገራባ ጋር ተጠርጎ ይወጣል። ቤተ ክርስቲያን ከነግህ እስከ መንፈቀ ሌሊት ሰባት ጊዜያተ ጸሎት ወስናለች፤ አብዛኛው የሐረርጌ ሕዝብ የሚከተለው እስልምናም ከፈጅር እስከ ዒሻ አምስት ሰላት ደንግጓል፤ ሁለቱም ቀኑን የሚከፍቱት ጩኸት ከመጀመሩ በፊት ነው፤ እኔም ይህን ጥበብ ተከትዬ ስልኬን ሳልነካ እጽፋለሁ።

የምጽፈው ሦስት ነገር ብቻ ነው፤ ዐሥር የተጻፈበት ወረቀት የምኞት መዝገብ ነውና። በመጀመሪያው መስመር ሁልጊዜ አንድ የቡና ሥራ አኖራለሁ፤ ዛሬ ብተወው ማንም የማይጠይቀኝን፣ ከዓመታት በኋላ ግን ራሴን የምጠይቅበትን፤ የልጅን ትምህርት መከታተል፣ የታመመ ዘመድ መጠየቅ፣ የተጀመረን ጽሑፍ አንድ ገጽ ማራመድ ሊሆን ይችላል። ከዚያ በኋላ የጫት ሥራዎቹ ይከተላሉ፤ እነርሱንም አልንቃቸውም፣ የዕለት እንጀራ ከእነርሱ ይገኛልና። ሦስት ቀን ከወረቀት ወደ ወረቀት የተሻገረ ሥራ ካለ በአራተኛው ቀን ከሁሉ አስቀድሜ እሠራዋለሁ፣ ወይም እንደማልሠራው አምኜ እሰርዘዋለሁ፤ «ነገ» የሚለው ቃል ችግኞቼን የገደለ ቃል ነውና።

ከአርባዎቹ ችግኞች የተረፉት ዐሥራ አንድ ነበሩ። በሚቀጥለው ክረምት፣ በሐምሌ ወር፣ በየማለዳው ወረቀት የመጀመሪያ መስመር ላይ «ሁለት ችግኝ» ብዬ እየጻፍሁ በስድስት ቀን ተከልኋቸው፤ በስድስተኛውም ቀን በሠርክ ጭቃውን ከእጄ ሳጥብ፣ ዐስቤን ተቀብዬ ወደ ቤቴ ገባሁ።